ከሱቅ ሱቅ የማይሻገረው ዝምድና

አንድ የኦንላይን ሱቅ ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ስድስት ሲኒዎቹንና ማጨሻውን አንድ ላይ አድርጎ «ሙሉ የቡና ዕቃ» በሚል ስም በአንድ ዋጋ ሲሸጥ፣ ገዢው የሚያየው አንድ ዕቃ ነው። በኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀበናው የራሱ መዝገብ አለው፣ ረከቦቱም፣ ሲኒውም፣ ማጨሻውም። «ሙሉ የቡና ዕቃ» የሚለው ደግሞ ስምና ዋጋ ብቻ ያለው አምስተኛ መዝገብ ነው። እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው በሌላ ሠንጠረዥ የተጻፉ አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ ይህ ጥቅል ከዚህ ዕቃ ይህን ያህል ይዟል የሚሉ። ባለሱቁ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ሲዛወር የዕቃዎቹ ስም፣ ዋጋና መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይሻገራል። በመንገድ የሚቀሩት እነዚያ አጫጭር መስመሮች ናቸው። ያን ጊዜ ጥቅሉ አዲሱ ሱቅ ላይ ስሙን ብቻ ይዞ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌላ ዕቃ ይዞ መገኘቱ ነው። ይህን የአንድ ሶፍትዌር ጉድለት አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። ችግሩ ከኦንላይን ሱቅ በፊት የነበረ፣ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መፍትሔ ሲገኝለት የኖረውም በፈጣን ማሽን ሳይሆን፣ ዕቃው ከአንድ ቤት ውጭም የሚጠራበት ስም ሲሰጠው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

«ይህ ከዚህ ይህን ያህል ይዟል» የሚለው መዝገብ መጀመሪያ ያስጨነቀው ነጋዴን ሳይሆን ፋብሪካን ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ሰው ወደ ጨረቃ ለመላክ ስትዘጋጅ፣ ሮኬቱና መንኮራኩሩ የሚገጣጠሙባቸው ክፍሎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። አይ.ቢ.ኤም ኋላ ሮክዌል ከተባለው የመንኮራኩሩ ሠሪና ከካተርፒላር ጋር ሆኖ ከ1966 ጀምሮ ይህን የክፍሎች ዝርዝር የሚይዝ ሥርዓት ሠራ፤ አይ.ኤም.ኤስ የተባለው ይህ ሶፍትዌር ኦገስት 14 ቀን 1968 በካሊፎርኒያ ዳውኒ ከተማ በሚገኘው የሮክዌል ሥፍራ ሥራ ጀመረ። መረጃውን የሚያስቀምጠው በተዋረድ ነው፤ ትልቁ ክፍል ከላይ፣ በውስጡ ያሉት ከሥሩ፣ የእነርሱም ክፍሎች ከእነርሱ ሥር። ይህ አቀማመጥ አንድ ብሎን አንድ ቦታ ብቻ ሲገባ ምንም አይጎድለውም። ያው ብሎን በአሥር የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ሲገባ ግን ተዋረዱ አይበቃውም፤ ስለዚህ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚያመለክቱ ጠቋሚዎች ተጨመሩ። በዚያው አሥርት ዓመት ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው አይ.ዲ.ኤስም መዝገቦችን በእንዲህ ያሉ ጠቋሚዎች የሚያያይዝ ነበር፤ ባክማን ለሥራው በ1973 በኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጠውን የቱሪንግን ሽልማት አግኝቷል። ጠቋሚ የሚናገረው ዕቃው የት እንዳለ ነው እንጂ ማን እንደሆነ አይደለም። መዝገቡ ከቦታው ሲነሳ ጠቋሚው ባዶ ሥፍራ ያሳያል። የዛሬው ባለሱቅ የሚያጋጥመው ችግር ዘሩ እዚህ ነው።

በጁን 1970 የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪ የሆነው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ያሳተመው ጽሑፍ የዳታቤዝን ሙያ ከሥሩ ቀይሯል። ኮድ የተነሳበት ምሳሌ ራሱ ለጉዳያችን ቅርብ ነው። የዕቃዎችንና የፕሮጀክቶችን መዝገብ ወስዶ፣ ይህ አንድ ዓይነት መረጃ በአምስት መንገድ ሊደራጅ እንደሚችል፣ ለአንዱ አደረጃጀት የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንደሚሰናከል አሳየ። በዚያው ጽሑፍ ሦስት ዓምድ ያላት አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች፦ ዕቃ፣ በውስጡ የሚገባ ዕቃ፣ ብዛት። የዛሬው ጥቅል በአጥንቱ ይህ ነው። የዋጋ ቅናሽና የምርጫ ሕግ ኋላ ይጨመርበት እንጂ፣ ጥቅል ማለት በሁለት ዕቃዎች መካከል ያለ ዝምድናና ቁጥሩ ነው። ኮድ ያቀረበው መፍትሔ ዝምድናው በጠቋሚ ሳይሆን በሠንጠረዡ ላይ በግልጽ በሚነበብ እሴት እንዲጻፍ ነበር። እንዲያ ከተጻፈ፣ ሠንጠረዡ የትም ቢወሰድ የሚለው ነገር አይለወጥም።

ይህ ድል በተግባር ሲውል ግን ግማሹ ተመልሶ ጠፋ። ሠንጠረዦቹን የሚሠሩ ሰዎች በእሴቱ ቦታ ዳታቤዙ በተራ የሚያድለውን ቁጥር መጻፍ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የገባው ዕቃ 1፣ ቀጣዩ 2፣ እያለ የሚሄደውን። ይህን ያደረጉት በስንፍና አይደለም፤ የዕቃ ስም ይለወጣል፣ ይሰረዛል፣ በስህተት ይደገማል፣ ተራ ቁጥር ግን አንዴ ከተሰጠ ስለማይነካ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ዝምድናን በታማኝነት ይይዛል። ነገር ግን ቁጥር 412 በዚህ ሱቅ ጀበና ከሆነ፣ በሌላው ሱቅ ምንጣፍ ሊሆን ይችላል። ኮድ በበሩ ያስወጣው ጠቋሚ በመስኮት ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን፣ ከዳታቤዝ ሰዎች ርቀው የሚሠሩ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴዎች ከሌላ አቅጣጫ መጥተው የጎደለውን አገኙት። የአሜሪካ የምግብ ነጋዴዎችና አምራቾች በ1973 ተስማምተው፣ የአይ.ቢ.ኤሙ ጆርጅ ሎረር በነደፈው ቅርጽ ላይ የተመሠረተውን ባርኮድ መረጡ። ጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ትሮይ ከተማ በሚገኘው የማርሽ ሱፐርማርኬት የመጀመሪያው ዕቃ በዚህ ባርኮድ ተነበበ፤ አሥር ፓኬት የሪግሊ ማስቲካ የያዘ ጥቅል ነበር፣ ዋጋውም 67 ሳንቲም። ይህ ታሪክ ሲነገር ስለ ማስቲካው ይወራል፤ ጥቅል መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም። ለኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። አሥሩ በአንድነት የራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፣ ያ ቁጥርም የማርሽ አልነበረም። ወደ ማንኛውም ሌላ ሱቅ ቢወሰድ ያው ጥቅል ነው። ለአንድ ፍሬ፣ ለፓኬት፣ ለካርቶን ለየብቻው ቁጥር የመስጠት ልማድ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ፤ አውሮፓ በ1977 የራሷን ሥርዓት አቋቁማ፣ በ2005 ሁሉም ጂ.ኤስ.ዋን በተባለ አንድ ድርጅት ስም ተጠቃለለ። በ2004 የተጀመረው የዓለም አቀፍ የዕቃ መረጃ ማመሳሰያ መረብም በትልልቅ አምራቾችና በሱፐርማርኬቶች መካከል «ይህ ካርቶን ይህን ዕቃ ይህን ያህል ይዟል» የሚለውን ዝምድና ያስተላልፋል። ዝምድናው ሳይሰበር የሚደርሰው በሁለቱም ጫፍ ያለው ቁጥር የላኪውም የተቀባዩም የግል ንብረት ስላልሆነ ነው። ለክርክሬ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም፤ የሁለቱ ወገን ኮምፒውተር፣ ሶፍትዌርና ቋንቋ ይለያያል፣ ጥቅሉ ግን ጥቅል ሆኖ ይደርሳል።

የኦንላይን ሱቅ ይህን ውርስ አልተረከበም። የወረሰው የፕሮግራመሩን ተራ ቁጥርና የሒሳብ ሠራተኛውን ፋይል ነው። ፋይሉ ሲ.ኤስ.ቪ ይባላል፤ እሴቶችን በኮማ እየለዩ በመስመር መጻፍ ማለት ነው። በ1972 በአንድ የአይ.ቢ.ኤም ፎርትራን ኮምፓይለር ላይ ይሠራበት ነበር፤ አጻጻፉን የሚገልጸው የኢንተርኔት ሰነድ ግን የወጣው በኦክቶበር 2005 ነው፣ እሱም አስገዳጅ ደንብ ሳይሆን የነበረውን ልማድ የሚዘግብ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሁሉም እንደመሰለው ሲጽፈው ኖረ። አንዱ መስመር አንድ ዕቃ፣ አንዱ ዓምድ አንድ ባሕርይ ነው፤ ለዝምድና የተዘጋጀ ቦታ የለውም። ለጀበናው አንድ መስመር ይበቃዋል። ጥቅል ግን ስንት ዕቃ እንደሚይዝ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በአንድ መስመር ልክ አይገባም፤ ስለዚህ ሁሉም ሶፍትዌር በየራሱ ዘዴ አጣጥፎ ያስገባዋል።

በ1995 የተመሠረተው ቪያዌብ ሰው በብራውዘሩ ብቻ ሱቅ እንዲከፍት ያስቻለ ነበር፤ ያሁ በ1998 ገዝቶት ያሁ ስቶር ሆነ። በ2000 ኦኤስኮመርስ፣ በ2006 ሾፒፋይ፣ በ2008 ማጀንቶ፣ በ2011 ዎኮመርስ ተከተሉ። እያንዳንዱ ጥቅልን የሚረዳበት መንገድ የየራሱ ነው፤ ልዩነቱም ከፋይላቸው ይነበባል። የማጀንቶ ሁለተኛው ትውልድ የጥቅሉን ይዘት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያጭቀዋል፤ የምርጫው ስም፣ ዓይነቱ፣ የዕቃው መለያ፣ ዋጋው፣ ብዛቱ በኮማ እየተለየ፣ ክፍል ከክፍል በቋሚ ሰረዝ እየተለየ። ለማንበብ አስቀያሚ ነው፤ ነገር ግን ዕቃውን የሚጠራው ባለሱቁ በሰጠው መለያ ስለሆነ ለመጓዝ የተሠራ ነው። ዎኮመርስ በ2017 ያስገባው የፋይል ማስገቢያ ለተቧደኑ ዕቃዎች ሁለቱንም ይቀበላል፤ የባለሱቁን መለያም፣ የዳታቤዙን ተራ ቁጥርም። መለያ የሌለው ዕቃ በተራ ቁጥሩ ሲላክ ፋይሉ ለዓይን ሙሉ ይመስላል፣ ነገር ግን አዲሱ ሱቅ ላይ ያ ቁጥር የሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። በሾፒፋይ ላይ ጥቅል ለብዙ ዓመታት የሌሎች ሠሪዎች ተጨማሪ አፕ ሥራ ነበር፤ የሱቁ የምርት ፋይል ዕቃዎቹን ሲያወጣ ዝምድናቸውን አያወጣም፣ እሱ ያለው አፑ ዘንድ ነውና። ፎቶዎቹም በፋይሉ ውስጥ የሉም፤ ያለው አድራሻቸው ብቻ ነው። አሮጌው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው አድራሻውን ያገኛል፣ ምስሉን አያገኝም።

ይህ ሁሉ በተቆረጠ ቀን የተፈተነበት ጊዜ አለ። በ2018 ማጀንቶን የገዛው አዶቢ ለመጀመሪያው ትውልድ የሚሰጠውን ድጋፍ ጁን 30 ቀን 2020 አቆመ፤ በዚያ ላይ የቆዩ ሱቆች ወይ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ወይ ወደ ሌላ ቤት መዛወር ነበረባቸው። ለዝውውሩ የቀረበው መሣሪያ የራሱን የማጀንቶን ሠንጠረዦች ያውቃል። በተጨማሪ ሞጁል የተሠሩ ሠንጠረዦችን ግን፣ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ሰው ካልጻፈለት፣ አያውቃቸውም። ከአንድ ትውልድ ወደ ቀጣዩ፣ በአንድ ስም ሥር፣ በአንድ ኩባንያ እጅ የሚደረግ ዝውውር እንኳ ይህን ያህል የሰው እጅ ከጠየቀ፣ በማይተዋወቁ ሁለት ቤቶች መካከል የሚደረገው ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

በአማርኛ ለሚነግድ ሱቅ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ፣ ከዚህ ሁሉ ሌላ የፊደሉ ጣጣ አለ፤ እሱም ራሱ የዚሁ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለፊደላችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆን ነበር። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው የቁጥሩ የጋራ ትርጉም ነው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ቁጥር ሲሰጠው ችግሩ ከመሠረቱ ተፈታ። የድሮው ጣጣ ግን በፋይሉ በኩል ይመለሳል። በአማርኛ የተጻፈን የዕቃ ዝርዝር በኤክሴል ከፍቶ በተራው የሲ.ኤስ.ቪ ዓይነት መልሶ ማስቀመጥ ፊደሉን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሊያደርገው ይችላል። ጥቅሉ ዕቃዎቹን የሚጠራው በስማቸው ከሆነ፣ አራቱም ዕቃ «????» ይሆኑና ማን ማን እንደሆነ የሚለይ አይኖርም። ፊደሉ በደህና ቢሻገር እንኳ፣ አንዱ «ሲኒ» ሌላው «ስኒ»፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ለአንባቢ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት ነው። ባርኮዱም ቢሆን ከኤክሴል አያመልጥም፤ መጀመሪያው ላይ ያለው ዜሮ ይወድቃል፣ አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ደግሞ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥሮ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ያጣል። ስለዚህ ለዕቃ የሚሰጠው መለያ አጭር፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ከላቲን ፊደል የተውጣጣ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ለቋንቋችን ከመቆርቆር አንጻር ቅር የሚያሰኝ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መለያ ለገዢ አይታይም፣ የዕቃው ስም በአማርኛ ያማረ ሆኖ እንዲቆይ የሚያስችለውም ይኸው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መዛወር ነው፤ ስለ ባክአፕ የተለየ የምለው የለም፣ ምክንያቱም ባክአፕ ማለት ከዛሬው ሱቅ ወደ ነገው ሱቅ መዛወር ነው። አንድ ሠራተኛ በስህተት ጀበናውን ሰርዞ ከተቀመጠው ፋይል መልሶ ቢያስገባው፣ ብዙ ሶፍትዌሮች እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥረው አዲስ ተራ ቁጥር ይሰጡታል። ጀበናው ተመልሷል፣ ጥቅሉ ግን የሚፈልገው አሮጌውን ቁጥር ነው። የዕቃዎቹን ብዛት ቆጥሮ «ሁሉም አለ» ያለ ሰው አልዋሸም፤ የቆጠረው ግን ዕቃውን እንጂ ዝምድናውን አይደለም። መልሶ የማስገባት ሙከራ ያልተደረገበት ባክአፕ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ለማወቅ የሶፍትዌር ኩባንያውን የጊትላብን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ የማይገባውን ዳታ ሲሰርዝ ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያች ሰዓት እንደሚገባ የሠራ አንድም አልነበረም። አንደኛው በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም የተነሳ ምንም ሳያስቀምጥ ቆይቶ ነበር። ያዳናቸው ለሌላ ሥራ ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ መግለጹ የሚያስመሰግነው ነው፤ ባይገልጽ ኖሮ ብዙዎች የራሳቸውን ባዶ ፋይል ሳይከፍቱ ይቀጥሉ ነበር።

ሦስት መቃወሚያዎች ሲቀርቡ አይቻለሁ፣ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ ዛሬ ሶፍትዌሮች በኤ.ፒ.አይ በቀጥታ ስለሚነጋገሩ ፋይል ጊዜው አልፎበታል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ኤ.ፒ.አይ ከፋይል የበለጠ ይናገራል፤ ነገር ግን የሚናገረው በላኪው ቤት ቁጥር ነው። ተቀባዩ ቁጥር 412 ማን እንደሆነ ካላወቀ፣ በፍጥነት መስማቱ አይጠቅመውም። ሁለተኛው፣ ዳታቤዙን በሙሉ እንዳለ መገልበጥ ነው፤ ተራ ቁጥሮቹም አብረው ስለሚሄዱ ምንም አይሰበርም ይላል። ለአንድ ዓይነት ሶፍትዌርና ለአንድ ስሪት ይህ ትክክል ነው፣ ለሚችልም ሊያደርገው የሚገባ ነው። ነገር ግን በኪራይ መድረክ ላይ ያለ ባለሱቅ ዳታቤዙ እጁ ላይ የለም፤ ያለውም ቢሆን ማክሰኞ የተሰበረውን አንድ ጥቅል ለመጠገን ሙሉውን የሰኞ ቅጂ ከመለሰ የማክሰኞን ትዕዛዝ ሁሉ ያጠፋል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፣ ከትንሽ ነጋዴ ወገን የሚመጣ ስለሆነ። የሸክላ ሠሪዋ ጀበና ዓለም አቀፍ ቁጥር የለውም፤ ቁጥሩን ማውጣት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አሥር ጥቅል ያለው ሱቅም አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ በእጁ ቢሠራቸው ይቀለዋል። የመጀመሪያውን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ከባርኮድ የምንወስደው ቁም ነገር ቁጥሩን ማን እንደሚሰጥ ሳይሆን ቁጥሩ ከሶፍትዌሩ ነጻ መሆኑ ነው። ባለሱቁ በደብተሩ የጻፈው፣ ለሁለት ዕቃ ያልደገመውና ዕቃው ሲቋረጥም ለአዲስ ዕቃ ያልሰጠው መለያ፣ ምንም ሳይከፍልበት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። በእጅ የሚሠራው የዛሬው ጥቅል ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅሉ ስድስት ሲኒ ሳይሆን አራት ሲኒ የነበረው እንደሆነ፣ ያኔ የገዛ ደንበኛ «የጎደለኝ አለ» ብሎ ሲመጣ ምን እንደተሸጠለት የሚናገረው የያኔው ዝምድና ነው። የመጋዘኑ ሒሳብም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ጥቅል ሲሸጥ ከሲኒው ክምችት ስንት እንደሚቀነስ የሚነግረው ያ አጭር መስመር ነው። መስመሩ ከጠፋ ሱቁ በእጁ የሌለውን ሲኒ ይሸጣል።

ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ የክላውድ አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኛቸው ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ዳታውን ይዞ እንዲወጣ እንዲያስችሉት ያስገድዳል። ይህ ለነጋዴ ትልቅ መብት ነው፣ በሌሎች አገሮችም ቢለመድ እመኛለሁ። ሕጉ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ ቁጥር 412ን ጀበና አያደርገውም። ያንን ማድረግ የሚችለው ባለሱቁ ነው፤ የሚያስፈልገውም ኮድ በ1970 የሣላት ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ናት፦ የጥቅሉ መለያ፣ የዕቃው መለያ፣ ብዛቱ። ከእሷ ጎን ዝምድናው የጸናበትን ቀን የሚይዝ አራተኛ ዓምድ ቢጨመር፣ የጥቅሉ መዝገብ የትኛውም ሶፍትዌር ቢዘጋ ለቀጣዩ የሚነበብ ሆኖ ይቆያል።